ፈትጌና ያልነከሰው ጨረር

እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም። ሰፈሩ ሁሉ ፈትጌ ነው የሚላት፤ ስትፈትግ ውላ ስትፈትግ ስለምታመሽ። ድስት ከሆነ ቂጡ ከክዳኑ እስኪያበራ፣ ወለል ከሆነ ድመት እስክትንሸራተት ድረስ ነው። ባሏ ሾፌሩ "ይቺ ሴት እኔን ያገባችኝ የምትወለውለው ጫማ ቢያጥራት ነው" ይላል። አማቷ ደግሞ፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ነው፣ "እኔ ስሞትም ሳጥኔን ሳትወለውል አታስቀብረኝም" ትላለች። ይበሏት እንጂ ሁለቱም ቁጭ የሚሉት እሷ በወለወለችው ላይ ነው።

የምትሠራበት ቤት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል። ፊተኛው ክፍል ውስጥ የባለቤትየዋ ጠረጴዛና የዘበኛው ወንበር አለ፤ የውስጠኛው የማሽኑ ነው። ማሽኑ የሚሠራውን ነገር ሰው ሲጠይቃት መጀመሪያ ላይ ራሷም አታውቀውም ነበር። ኋላ ግን እንዲህ ነበር የምታስረዳው፦

"የስልክ ማማ ሥር ያለውን ሣጥን አይተሽ የለ? እሱ ውስጡ የሚያስብ ነገር አለው። ሰው ሲያስብ ግንባሩን እንደሚያልበው እሱም ሲያስብ ይግላል። ማራገቢያ ቢያነፍሱበት አይበቃውም። ስለዚህ ከሆዱ ሥር መዳፍ የምታህል የመዳብ ዝርግ ይለጥፉለታል። ዝርጓ ላይ ስልሳ ቦይ ተቆፍሮባታል፤ አንዱ ቦይ ቢወፍር ቢወፍር ሁለት ፀጉር ነው። ከላይ ትከደንና ውኃ በፓምፕ ይገፋባታል። ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል። በቃ።"

"ሁለት ፀጉር የሚያህለውን ቦይ በምን ትቆፍሩታላችሁ?"

"በብርሃን።"

እዚህ ላይ ጎረቤቶቿ ይተያያሉ። እሷ ምን ቸገራት፤ እውነቷን ነው። ማሽኑ ሌዘር ይሉታል፤ ከላይ ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩን ዓይን አያየውም፣ መዳቡ ግን ይቀምሰዋል። አንዴ አይደለም የሚቆፍረው፤ ላይ ላዩን እየጫረ፣ ተመልሶ እየጫረ፣ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል። ቀስ ያለ ውኃ ድንጋይ ይበሳል እንደሚባለው ነው።

ፈትጌ እዚያ ቤት የገባችው ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን የማሽኑን ክፍል ስትወለውል ኢንጂነሩ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አገኘችው። ኢንጂነሩ ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ስክሪኑ ላይ ቦዮቹ በማጉያ መነጽር ጎልተው የታረሰ ማሳ መስለዋል።

"ምን ጠፍቶህ ነው?" አለችው።

"አንዱ ቦይ ውኃ አላሳልፍ ብሎኝ፣ እታለም። ከጠዋት ጀምሮ ባይ ባይ ሁሉም ደህና ናቸው።"

መወልወያዋን ተደግፋ ጎንበስ አለች። "ከግራ አስራ አንደኛዋ አፏ ላይ ጉድፍ አለባት።"

አየው። አለባት። ቀልጦ የተረጨ መዳብ ተመልሶ አፏ ላይ ደርቋል። እንግዲህ ከመንገድ ማዶ ሆና የሰው ሸሚዝ ላይ ያለ ነጠብጣብ የምትለይ ሴት ይቺን ታጣታለች? ልጁ ግን እስከዚያ ቀን እንደዚህ ያለ ዓይን አላየም። በማግስቱም አሳያት፣ በሣምንቱም አሳያት፤ ወሩ ሲያልቅ ዝርጉን ማሽኑ ላይ የምታስቀምጠው፣ ቁልፉን የምትጫነው፣ ሲያልቅ የምትመረምረው እሷ ሆነች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ናት፤ ቁጥር ግን አይጠፋትም።

ባለቤትየዋ ይህንን ሰማች። ባለቤትየዋ አንዲት ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ የምትተነፍስ ሰው ናት። ተነፈሰች፣ ደገመችና፣ "ሦስት ወር ትሞከር" አለች። "ከቻለች የማሽኑ ባለሙያ ትሆናለች። ካልቻለች መወልወያው ያው በር ኋላ ነው።"

ፈትጌ መወልወያ አትጠላም፤ እንዲያውም ከሰው ይልቅ ትወደዋለች። ግን አንዴ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ፣ ያንን ትልቅ መነጽር አድርገሽ፣ ኢንጂነር የሚባል ሰው "እታለም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" ካለሽ በኋላ ወደ በር ኋላ መመለስ ሞት ነው። ሰፈሩም አውቋል። አማቷ ላገኘችው ሁሉ "ምራቴ በብርሃን ትቆፍራለች" ስትል ከርማለች፤ ቤት ውስጥ ግን አንድ ቀን ጎበዝ ብላት አታውቅም።

ሁለት ወር ከሣምንት ደህና ሄደ። ከዚያ የስልክ ሰዎች አርባ ዝርግ አዘዙ። "ዓርብ ሰውዬ ይመጣል፣ እዚሁ ይሞክረዋል፣ ከወደደው የከተማውን ማማ ሁሉ ለእኛ ይሰጣል" አለ ኢንጂነሩ። ባለቤትየዋ ፈትጌን አየቻት። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ፈትጌ ገብቷታል።

ሰኞ ጠዋት አርባዎቹ ዝርጎች ከመጋዘን መጡ። ሲፈቱ ፈትጌ ልቧ ተሸማቀቀ። ደብዛዛ ናቸው፤ የበሽተኛ ፊት ነው የሚመስሉት። እስከዚያ ቀን ኢንጂነሩ እንዳዘዛት በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አበስ አድርጋ ነበር የምታስገባው፤ እጇን እየበላትም ቢሆን ትችለው ነበር። ለእንግዳ የሚቀርብ ዕቃ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ግን አልቻለችም። ማንንም አልጠየቀችም። ከቤቷ አመድና ሎሚ በፌስታል ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጭ ብላ ፈተገቻቸው። እንዴት ያለ መፈተግ መሰላችሁ፤ መዳቡ ወርቅ መሰለ። ፊቷን አየችበት፤ ቅንድቧንም አስተካከለችበት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ውስጥ አስገባቻቸውና ዝም አለች። በጎ ሥራ አይወራም ብላ ነው።

ማሽኑ ተነሣ፤ ጨረሩ ተመላለሰ፤ ሃምሳው ዙር አለቀ። ፈትጌ በማጉያው አየች። ቦይ የለም። ጭረት አለ፤ ድመት የሞነጨረችው የሚመስል ጭረት።

"ምን ሆነ?" አለ ልጁ።

"እኔ እንጃ። አልነከሰም።"

ደገሙት። አንዱ እዚህ ነክሶ እዚያ ይተዋል፣ ሌላው ጭራሽ አይነክስም። ማክሰኞ ልጁ ማሽኑን ፈታው፣ ሌንሱን አወጣው፣ ወለወለው፣ ገጠመው፣ ለካው። ማሽኑ ምንም የለበትም። ራሱን ያዘና፣ "ምናልባት ዝርጎቹ ላይ ቆሻሻ ይኖር ይሆን?" አለ።

እንግዲህ ይህንን ለፈትጌ ነው የሚላት። አላወቀም ምስኪን። ቆሻሻ የምትለው ቃል ጆሮዋ ስትገባ ደሟ ፈላ። ረቡዕ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ቀድማ መጣችና አርባዎቹንም እንደገና አመድ ለአመድ አደረገቻቸው። ሰኞ ወርቅ የመሰሉት ረቡዕ ፀሐይ መሰሉ። ጨረሩም ረቡዕ ጭራሽ መንከሱን ተወ።

አሁን ነገሩ ወደ ሰው ዞረ። ሐሙስ ጠዋት ባለቤትየዋ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች፤ እሷ ወደዚያ ክፍል ከገባች ደግ ነገር አይደለም። ልጁን አየችው።

"አሮጌ ማሽን አልፈልግም ስልህ፣ 'እትዬ ግዴለም፣ እንደ በቅሎ ይሠራል' ያልከኝ ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"በቅሎህ ተኛች።" ተነፈሰች። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያለሁ። ካልሆነ ለሰውየው አትምጣ ብዬ እደውላለሁ። ማሽኑም ወደመጣበት፣ አንተም ወደመጣህበት።"

ልጁ ጆሮው ቀላ። ፈትጌ ምን ታድርግ፤ ዝርግ አንሥታ ማሽኑ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ዓይኗ ፈጠጠ። ዝርጓ መሀል ላይ አንድ ቡናማ አውራ ጣት ታትሟል። የሰው ጣት። ሌሊቱን አድሮ መዳቡን አጥቁሮታል። በሌላ ቀን ቢሆን ጣቱንም የጣቱንም ባለቤት ትፈትጋቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ባለቤትየዋ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ጥርሷን ነክሳ እንዳለ አስቀመጠችውና ቁልፉን ተጫነች።

ሃምሳው ዙር አለቀ። ባለቤትየዋ ወደ ደጅ ወጣች። ፈትጌ በማጉያው ጎነበሰች፤ ጎንበስ እንዳለችም ቀረች።

ዳር ዳሩ ያው የድመት ጭረት ነው። መሀል ላይ ግን፣ ጣቱ ባለበት፣ በጣቱ ልክ፣ ቦዮቹ ጥልቅ ብለው፣ ግድግዳቸው ቀጥ ብሎ ተቆፍረዋል። እንከን የላቸውም። ከጣቱ ሲወጡ ደግሞ ድርግም።

ዝርጓን ይዛ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች። ዘበኛው ወንበሩ ላይ ነበር። ጢሞ ይሉታል፤ ስድሳን ዘሎ ጢሙን ግን እንደ ሙሽራ የሚይዝ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ እጅህን እስቲ አሳየኝ።"

"ምነው፣ ልታገቢኝ ነው?"

"ማታ የመዳቡን ዝርግ ነክተሃል?"

ጢሞ ጣራውን አየ፣ በሩን አየ። "አልሰረቅሁም።"

"ሰረቅህ አላልኩም። ነክተሃል ወይ ነው ያልኩት።"

"አየሽ፣ ማታ ስዞር በመስኮት አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ገብቼ ባነሣው መስታወት ነው። እንዲህ ያለ መስታወት በዕድሜዬ አላየሁም። ጢሜን ባበጥርበት ምን አለበት? ይኸው ነው፤ ከዋሸሁ ጢሜ ይርገፍ።"

መስታወት። ፈትጌ እዚያው ቆማ ነገሩ ሁሉ ገባት። ልጁ ድሮ፣ ገና ሲያስተምራት፣ "ይህን መነጽር ካላደረግሽ ጨረሩ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ነጥሮ ዓይንሽን ያጠፋዋል" ብሏት ነበር። የሚያብረቀርቅ ነገር ጨረር አይውጥም፤ ይመልሳል። ደብዛዛው ግን ይውጠዋል፤ አንዴ ከነከሰ ደግሞ የነከሰበት እየሻከረ ይበልጥ ይገባለታል። ማሽኑ አልታመመም። ልጁም አላጠፋም። ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚሏት ሴት እሷው ነች፤ ያውም ሁለቴ በሎሚ።

ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበርና ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አማቷ በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ፈትጌ ቁጭ ሳትል ሁሉንም ዘረገፈችላት።

አማቷ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ "ስትፈትጊ ማን አየሽ?" አለቻት።

"ማንም።"

"እንግዲያው ማንም አላጠፋም።"

"እማማ፣ ልጁን ሊያባርሩት ነው።"

"ልጁ የተማረ ነው። የተማረ ሰው ቢወድቅ ወረቀቱ ላይ ነው የሚወድቀው፣ አይሰበርም። አንቺ ምን ላይ ልትወድቂ ነው? ዛሬ ዝርጎቹን ደብዘዝ አድርጊያቸው፣ ማሽኑ ይነክሳል፣ 'በራሱ ተሻለው' ትያለሽ። ማሽን አፍ የለው።"

ምክሩ ጣፋጭ ነበር፤ እውነት ለመናገር ፈትጌም ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን ጎኗን አንድ ነገር ወጋት። "ማሽኑ ተሻለው ብል፣ ልጁ ለእትዬ የታመመ ማሽን ገዛ ተብሎ ይቀራል። ነገ ቢያነጥሰው 'ያው በሽታው' ይሉታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል? ከግራ አስራ አንደኛዋን ሳሳየው መጀመሪያ ያመነኝ እሱ ነው፣ እማማ።"

አማቷ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች። "እንግዲያው ሂጂ። ግን ቁጭ ብለሽ አትናገሪ፤ ቆመሽ ተናገሪ፤ ለመውጣትም ይቀናል።"

ፈትጌ ስትመለስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ባለቤትየዋ ጠረጴዛዋ ላይ ስልኩን ይዛለች፣ ልጁ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ፈትጌ እንደተመከረችው በር ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ አይደውሉ። ማሽኑ ደህና ነው። እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን?"

"አጠብኳቸው።"

"ምኖቹን?"

"ዝርጎቹን። በአመድና በሎሚ። ሰኞም ረቡዕም፤ ረቡዕ ደግሞ ጨርሼ ነው ያጠብኳቸው።" ይዛ የመጣችውን ዝርግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ጋሼ ጢሞ ጢሙን ሊያይበት ነክቶት ነበር። እዩት፣ ጨረሩ የነከሰው ጣቱ ያቆሸሸውን ብቻ ነው።"

ልጁ ዝርጓን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ገልበጥ፣ ዘንበል አደረጋት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፈትጌ ያለቀሰ መሰላት። ይስቅ ነበር።

"ሦስት ቀን ማሽን ስፈታ ስገጥም እታለም ጓሮ ቁጭ ብላ መስታወት ትሠራለች።"

"አንተ ነህ ቆሻሻ ያልከኝ" አለችው ፈትጌ። ጥፋተኛም ብትሆን ይቺን አልተወችለትም።

ባለቤትየዋ ዘበኛውን አስጠራች። "ጣትህን" አለችው። ጢሞ አውራ ጣቱን እንደ ዶሮ አንገት አወጣ። ከዝርጓ ጋር አስተያየችው።

"ፖሊስ ጋ ነው የሚሄደው?" አለ ጢሞ።

"አይደለም። ወደ ሥራ።" ተነፈሰች፤ ደገመች። ሁሉም ጠበቀ። "ያጠበች ታቆሽሽ" አለችና ስልኩን አስቀመጠች።

ሌላ ምንም አላለችም። ስለ ሦስቱ ወርም፣ ስለ በር ኋላውም፣ ምንም።

ሰው ለጥፋቱ ይገረፋል፣ ይቀጣል፤ ፈትጌ ግን የተፈረደባትን ያህል የከበደ ፍርድ አልታየም። ልጁ የአናጢ ብርጭቆ ወረቀትና የጥቁር ማርከር ካርቶን አመጣላት። ያንን ፀሐይ የመሰለ መዳብ በገዛ እጇ ፈግፍጋ አደበዘዘችው፤ ላዩን ደግሞ በጥቁር ቀለም ቀባችው። የመጀመሪያውን ስትቀባ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አምስተኛው ላይ መሳቅ ጀመረች። አሥረኛው ላይ ጋዋኗ፣ ክንዷ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ሁሉ ጥቁር ሆነ፤ ጢሞ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ "ጣት ካነሰሽ አሥሩንም አመጣለሁ" አላት። "ያንተን ጣት ለሙዚየም ሸጥነዋል" አለችው።

የመጀመሪያው ጥቁር ዝርግ ማሽኑ ላይ ወጣ። ጨረሩ ተመላለሰ፤ ጥቁሩ ቀለም እየተቃጠለ ብን ብን አለ። ሃምሳ ዙር። ፈትጌ በማጉያው ጎነበሰችና ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

"እታለም፣ ተናገሪ እንጂ" አለ ልጁ።

"ስልሳውም" አለች። "ከግራም ከቀኝም ቆጠርኳቸው። ስልሳውንም ነክሷል።"

ቀደም ብለው የተጫሩትም አልባከኑም። ዝርጉ የሚቀመጥበት ማዕዘን አለው፤ እዚያ ጥርቅም ካለ ጨረሩ የድሮ መንገዱን አይስትም፤ ጭረቱ ላይ ደግሞ ቦዩን ቆፈረበት። ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃያ ሁለቱ አለቁ፤ የቀሩት ዓርብ እስከ አራት ሰዓት።

በአምስት ሰዓት የስልክ ሰውዬው መጣ። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ሣጥን የያዘ። ሣጥኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አለ፤ የሚያስበውን ነገር ተክቶ የሚግል ነው። ከአርባው መርጦ አንዱን አነሣ፤ ከድኖ ከጋለው ብረት ጋር በብሎን አሰረው። ሣጥኑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር ወጣ፤ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስድስት፣ ዘጠና አንድ። ፈትጌ መዳፏ ላይ ጥፍሯን ተክላለች። ባለቤትየዋ በአፍንጫዋ እንኳ አልተነፈሰችም።

"ውኃ" አለ ሰውዬው።

ልጁ ፓምፑን ከፈተው። ዝርጓ ምንም ድምፅ አላሰማችም። ቁጥሩ ግን ሰማንያ ገባ፣ ስድሳ ሦስት፣ ሃምሳ። አርባ አራት ላይ ሲደርስ ቁጭ አለ፤ ወዲያም ወዲህም አላለም። ሰውዬው ሌላ ዝርግ አነሣ። አርባ አራት። ሦስተኛ አነሣ፤ ከታች፣ ከጥጉ፣ የተደበቀ መስሎት። አርባ ሦስት። ከዚያ ሣጥኑን ዘጋና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ማን ነው የሠራቸው?" አለ።

ልጁ ባለቤትየዋን አየ። ፈትጌ ወለሉን አየች። ባለቤትየዋ መሳቢያዋን ከፍታ የምርመራውን ወረቀት አወጣች፤ ከሥሩ "የሠራው ባለሙያ" የሚል ባዶ መስመር አለው። እስከዚያ ቀን እዚያ መስመር ላይ ልጁ ነበር የሚፈርመው። እስክሪብቶውን ከእሱ እጅ ተቀብላ ለፈትጌ ዘረጋችላት።

"ባለሙያዋ ትፈርም" አለች። አንዴ ብቻ ነው የተነፈሰችው።

ፈትጌ እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች፤ ማርከሩ አልለቀቃትም። ወረቀቱን አስተካከለች። ከዚያ የራሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ሳትቸኩል መጻፍ ጀመረች። የስልክ ሰውዬው ሰዓቱን አየ።

ልጁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "እታለም፣ ፊርማ ብቻ ይበቃል" አላት።

"ታዲያ ይህን ያህል ቦታ ለምን ተዉት?" አለችና ወደ ቅድመ አያቷ አለፈች።